የገብረዎቹ ወረፋ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው ያመኛል ያሉት ግራው ነበር ወይስ ቀኙ? እማዬስ የደም ግፊቷን ኪኒን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ አሁንም «ደህና ስሆን ለምን እውጣለሁ» እያለች በመሀረቧ ጫፍ ትቋጥረዋለች? ወንድሜ ኃይሉስ፣ ሚስቱ ሂያምስ እንዴት ናቸው? ሕፃኗስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። ከስተሻል እንዳይሉኝ አስቀድሜ ልናገር፤ በስልክ የላክሁት ፎቶ ያከሳኛል እንጂ ቀሚሴ ሁሉ ጠቦኛል።

ሁለት ወር ሙሉ ብዕር ሳላነሳ መቅረቴን አውቃለሁ። እማዬ በስልክ «አባትሽ ተቀይሞሻል» ብላኛለች፤ ቢቀየሙም አይፈረድብዎትም። የጠፋሁት ሥራ ይዞኝ ነው። ነገሩ በተቆራረጠ ስልክ የሚወራ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ። እማዬም አለችበትና ሲያነቡላት ቀስ ብለው ያንብቡላት።

ለቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጤና ጣቢያ በክረምቱ የሠራሁትን የመዝገብ ፕሮግራም ያስታውሱታል። ታካሚው መስኮቱ ጋ መጥቶ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይናገራል፤ ጸሐፊዋ በዐረብኛ ጽፋ ትፈልጋለች፤ ኮምፒውተሩ ካርዱን ያወጣና ሰውየው ወደ ሐኪም ይገባል። መስኮቶቹ ሁለት ናቸው። በአንደኛው የአካባቢው ሰው ይሰለፋል፣ በሁለተኛው ከትግራይ የመጡት ስደተኞች። በሁለተኛው የምትቀመጠው መብርሂት የምትባል ሴት ናት። እሷም ስደተኛ ናት፤ ትግርኛውንም ዐረብኛውንም ስለምትችል ነው የቀጠሯት።

ከክረምቱ ወዲህ የመብርሂት ወረፋ አልንቀሳቀስ አለ። የአንደኛው መስኮት ሰው ታክሞ ለቁርስ ቤቱ ሲመለስ፣ የእሷ ሰዎች ፀሐይ አናታቸው ላይ እስክትወጣ ይቆማሉ። አንድ ቀን ገብረሚካኤል የሚባሉ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሽማግሌ ከሰልፉ መሐል ወደቁና በሰው ሸክም ገቡ። ሙዲሩ ኸሊል፣ የጣቢያው ኃላፊ ማለቴ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ሲወድቅ ግን ጥፋተኛ ይፈልጋል። መብርሂት የሚቆመው ማሽኑ እንደሆነ፣ እሱም ገብረ የሚባል ስም እንደማይወድ ነገረችው። ሳቀባት። ወንበሯ ላይ ተቀምጦ የገዛ ስሙን ጽፎ ሞከረ፤ ካርዱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ወጣ። ማሽኑ ደህና ነው፣ የምትዘገዪው አንቺ ነሽ አላትና እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እንደሚያስቀምጥ ነገራት። መብርሂት እናቷንና ሁለት ልጆቿን የምታኖረው በዚያች ወንበር ነው።

አባዬ፣ ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ። ኸሊል ደውሎ ሲጠይቀኝ እኔም ስለ ገብረው ነገር አብሬው ሳቅሁ። ፕሮግራሙ አይመስለኝም፣ ምናልባት መጻፍ አልለመደች ይሆናል አልሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ ሳላይ መናገሬ ከነከነኝ። እሑድ ተሳፍሬ ሄድሁ። ወረፋውን ሳየው ሳቄን ጠላሁት።

ፕሮፋይለር የሚባል መሣሪያ አለ። እርስዎ ቁረይሻ እርሻ ላይ የሰሊጥ አጨዳ ወኪል ሳሉ ሠራተኛውን ቀኑን ሙሉ አይከተሉም ነበር፤ ሳይታሰብ ብቅ ይሉና ማን ምን እንደሚያደርግ አይተው ይመለሳሉ። መቶ ጊዜ ብቅ ብለው ሰባውን ጊዜ ሰዉን በውኃው በርሚል ዙሪያ ካገኙት፣ ቀኑን የበላው አጨዳው ሳይሆን ውኃ ፍለጋው መሆኑን ያውቃሉ። ይህም መሣሪያ እንዲሁ በሰከንድ መቶ ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ ብቅ እያለ አሁን ምን እየሠራህ ነው ይለዋል። መሣሪያውን ጫንሁና ሰኞንና ማክሰኞን እንዲያይ ተውሁት።

ክፋቱ ያየውን ሁሉ ደምሮ አንድ ሥዕል አድርጎ ነው የሚሰጥ። ሁለቱ መስኮቶች፣ የመድኃኒት ክፍሉ፣ ማታ ማታ የሚወጣው ሪፖርት፣ ሁሉም ተቀላቅሎ ሳየው ትልቁን ቦታ የያዘው ሪፖርቱ ነበር። ያን ሥዕል ብቻ ለኸሊል ባሳየው ኖሮ መብርሂት አልቆላት ነበር። ስለዚህ ሳልደምረው ዳታቤዝ ውስጥ አስገባሁት። አንዱ ብቅ ማለት አንድ ረድፍ ሆነ፤ መቼ እንደታየ፣ የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል ሲሠራ እንደተገኘ፣ የየትኛው ፍለጋ ሥራ እንደሆነ። በሌላ ሰንጠረዥ ደግሞ ፍለጋዎቹን አስቀመጥሁ፤ ከየትኛው መስኮት እንደመጡና በማን ስም እንደሆኑ። ሁለቱን ሰንጠረዦች በፍለጋው ቁጥር አያያዝኋቸው። ሰባት ሚሊዮን ረድፍ ሆነ። ይኼን ሁሉ ማን ያነበዋል እንዳይሉኝ፤ አይነበብም፣ ይጠየቃል።

መጀመሪያ በመስኮት ለይተህ ንገረኝ አልሁት። የመብርሂት መስኮት የሌላውን ዐሥር እጥፍ ጊዜ በልቷል። ኸሊል ልክ ነበር ማለት ነው ብዬ ደነገጥሁ። ቀጠልሁና በስም ለይ አልሁት። አባዬ፣ ገብረ፣ ገብረ፣ ገብረ! ገብረሚካኤል፣ ገብረመድኅን፣ ገብረኪዳን፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩት እነሱ ናቸው። የኣብርሃውም የሽሻይም ካርድ እንደ ሙዲሩ ፈጥኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ገብረ ግን ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይፈጃል፣ ሌላውም ከኋላው ይጠብቃል። መብርሂት ያለችው በሙሉ እውነት ነበር። በመጨረሻ እነዚህን ሰዎች የሚያዘገየው የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከመቶው ረድፍ ዘጠና አንዱ አንድ ስም ይዞ መጣ፤ አልጋነሽ።

አዎ፣ የእማዬ ስም ነው። ያኔ አንድ ሆስፒታል ስሟ ካርዱ ላይ በዐረብኛው ቃፍ፣ መዝገቡ ላይ በጂም ፊደል ተጽፎ አንቺ አይደለሽም ብለው የመለሷት ቀን ትዝ ይልዎታል። ዐረብኛ የኛ «ገ» የለውም፤ አንዱ በቃፍ፣ አንዱ በጂም፣ አንዱ በጋይን ይጽፈዋል። እኔም ማንም በፊደል ምክንያት እንዳይመለስ ብዬ፣ ስምን በሚጻፍበት መልክ ሁሉ እየለዋወጠ የሚፈልግ ክፍል ሠራሁና በእሷ ስም ጠራሁት። እማዬ ሦስት መልክ ብቻ ናት። ገብረሚካኤል ግን በሦስት ዓይነት ገ፣ ተያይዞም ተለያይቶም፣ መጨረሻውም በሁለት ዓይነት ስለሚጻፍ ዐሥራ ሁለት መልክ አለው። አባቱም አያቱም ገብረ ከሆኑ ዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሁለት፣ እንደገና በዐሥራ ሁለት ነው። ማሽኑ ለአንድ ሽማግሌ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ስምንት ጊዜ ያስሳል። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ፀሐይ ላይ ያቆምኋቸው እኔ ነኝ። እማዬ እንዳይከፋት ጥፋቱ የስሟ ሳይሆን የልጇ እንደሆነ ይንገሩልኝ።

ረቡዕ ጧት ኸሊልን መብርሂት ወንበር ላይ አስቀምጬ የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው እንዲጽፍ ለመንሁት። ጻፈ። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ፣ ካርዱ አልወጣም። ያን ጊዜ ሰንጠረዡን አሳየሁትና ጥፋቱ የኔ ነው አልሁት። ተቆጣኝ። ከእንግዲህ ሥራ ለአንቺ መስጠቴን እንጃ አለኝ፤ አልተከራከርሁም። ማረሙ አንድ ቀን ነው የፈጀው። መዝገቡ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ወደ አንድ መልክ መለስሁት፤ የሚፈለገውም ስም ወደዚያው መልክ ተመልሶ አንዴ ብቻ ይፈለጋል። ሐሙስ ጧት ገብረሚካኤል በርጩማቸውን ዘርግተው ሊቀመጡ ሲሉ ግቡ ተባሉ። ዛሬ ሌላ ሰው የለም እንዴ ብለው ዞር ዞር አሉ፤ ወረፋ የቀሙ መስሏቸው ግራ ገባቸው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን እርማቱን ላረጋግጥ ብዬ ያንኑ ሰንጠረዥ በሰዓት ለይቼ ጠየቅሁት። ጣቢያው የሚከፈተው ጧት ሁለት ሰዓት ነው። ረድፎቹ ግን ሰኞም ማክሰኞም ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ተኩል ይጀምራሉ። ሁሉም ከሁለተኛው መስኮት ናቸው፣ ሁሉም ገብረ። የኛንና የፈረንጁን ሰዓት አቀላቅዬ እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ አመሳከርሁ። ልክ ነው። ዘበኛውን ብጠይቀው መብርሂት ናት አለኝ። ለማግስቱ ቀጠሮ ያላቸውን ገብረዎች በወረቀት ይዛ ትሄዳለች፤ ሳይነጋ ከመጠለያው ጫፍ በእግሯ መጥታ ካርዳቸውን አንድ በአንድ አውጥታ ትደረድራለች። ከክረምቱ ጀምሮ፣ ሳትከፈልበት። እኛ ባየነው ወረፋ የቆሙት ቀጠሮ ያልነበራቸው፣ እንደ ገብረሚካኤል ድንገት የመጡት ብቻ ናቸው።

ሄጄ ለምን አልነገርሽንም አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣ የነገርኋችሁን ስቃችሁበት የለ፣ ይህን ብነግራችሁ ታምኑኝ ነበር ወይ አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ እውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው። አፈርሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ምንም አይደል ግን አላለችኝም። ለኸሊልም ነገርሁት፤ ወንበሯ ላይ አለች፣ ማንም አይነካትም።

እንግዲህ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፣ ኪኒኗንም ከመሀረቡ ፍቱት። ኃይሉን የተናገረውን ጫማ ገዝቼለታለሁ በሉት፤ ወደ መተማ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ። ሂያምን ናፍቀሽኛል በሉልኝ፣ ሕፃኗን ሁለቱን ጉንጯን። ጎረቤታችንን እትዬ አሰፋችንም እንዳትረሱብኝ፤ ይቀየማሉ። ለእርስዎ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እማዬ ጧት ስትጸልይ ደግሞ አንድ ስም ትጨምርልኝ። መብርሂት ገብረሥላሴ ትባላለች።

ልጅዎ አይናለም
ገዳሪፍ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.