እማዬን ይዘን የዞርነው መንገድ

ሰኞ፣ ማርች 13

ዝናብ። የተማሪዎች አውቶቡሴ ዝናብ መጥረጊያ ተሰብሮ ግማሹን መንገድ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነዳሁ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ... ይሳቁ። ከሥራ በኋላ ሆስፒታል። እማዬ የአጃ ገንፎውን እምቢ ብላለች። "ይሄ የግድግዳ ልስን ነው" ትላለች። ነርሷን አስቃ እኔን አስለቀሰች። ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ሮይማታ፣ ስሞት ከተራራው ማዶ ወደ ባሕሩ ዳር ውሰጂኝ። ወደ ቤቴ፣ እህቴ ዘንድ።"

"አባባ የተቀበረው እኮ ከተራራው ወዲህ ሜዳው ላይ ነው፣ ከወገኖቹ ጋር።"

"አባትሽ አርባ ዓመት ከኔ ጋር ኖሯል። አሁን ይረፍ።"

ሳቀች። እጄን ግን አለቀቀችም። ቃል ግቢልኝ አለች። ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 18

እማዬ አረፈች። ሌላ ምንም መጻፍ አልችልም።

እሑድ፣ ማርች 19

የአባባ ወገኖች መጡ። እኛ ዘንድ በሬሳ መሟገት ክብር ነው፤ የሚያሳፍረው ማንም ያልጠየቀው ሬሳ ነው። ይሄን አውቃለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ? አጎቴ ታማቲ፣ የአባባ ታናሽ፣ ሚስት ሳያገባ የሸመገለው፣ ዱላውን ይዞ ተነሣ። "የወንድሜ ሚስት ናት። ቦታዋ ባሏ አጠገብ ነው።" ወንድሜ ቴኦኔ አቀርቅሮ ምንጣፉን ይቆነጥራል። እኔ ጮኽኩ። በሽማግሌ ላይ፣ አዎ። ቃሏን ነገርኳቸው።

በመጨረሻ አጎቴ ፊቱን አጥቁሮ ተቀመጠ። "ይሁን። ግን እኔው ራሴ አድርሼ በአፌ አስረክባታለሁ።" አብሮን ሊሄድ ነው ማለት ነው... ምን በድዬ ነው?

ማክሰኞ፣ ማርች 21



ጧት ከክራይስትቸርች ወጣን። ቴኦኔ ይነዳል፣ አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከሳጥኑ ጋር። ሬሳ ብቻውን አይተውም። ተራራው ላይ ዝናቡ ያዘን። ዝናብ ልበለው? ሰማዩ ተቀደደ። በደህናው ቀን አንድ ፏፏቴ በሚታይበት ገደል ዛሬ አለቱ ሁሉ ፏፏቴ ሆኗል። ነፋሱ ውኃውን መልሶ ወደ ላይ ይበትነዋል። መኪናው ተንገዳገደ። ሳጥኑን አቅፌ "አይዞሽ እማ፣ የሚነዳው ቴኦኔ ነው፣ ታውቂው የለ" አልኳት።

"ስለምታውቀው እኮ ነው ሳጥኑ የሚንቀጠቀጠው" አለ አጎቴ።

ቴኦኔ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሬሳ ባለበት መኪና ውስጥ አይበላም። ተራራውን ተሻግረን ሆኪቲካ ከተማ ላይ አጎቴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ የሥጋ ፓይ በላ፤ መረቁ በእጅጌው ወረደ። ይበለው፣ ይርጠብ አልኩ በልቤ።

ፍራንዝ ጆሴፍ ደረስን፣ በበረዶ ግግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ከተማ። ተራራም የለ፣ የበረዶ ግግርም የለ፣ ደመና ውጦታል። ወንዙ ግን አለ። ከግግሩ የተገመሰ በረዶ፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። ድልድዩ ተወስዷል። የመንገድ ሠራተኛዋ እጇን ዘርግታ አስቆመችን።

"ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም፣ እህቴ።"

"እናቴን ይዤ ነው።"

ወደ መኪናው ኋላ አየች። ቆቧን አወለቀች። "ድልድዩን ለመጠገን... ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል" አለች ቀስ ብላ።

ከዚህ እስከ ቤታችን ሁለት ሰዓት አይሞላም። የኛ ሰዎች ማዶ ቆመዋል። አክስቴ ፓሬ፣ የእማዬ እህት፣ ጥቁር ለብሳ እጇን ዘርግታ ትጣራለች። አፏ ሲከፈት አያለሁ፣ ድምፅ የለም። ወንዙ ዋጠው። እህቷ እዚህ ናት፣ እሷ እዚያ። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ጮኽኩ። ማን ሊሰማኝ?

አጎቴ ትከሻዬን ያዘ። "መንገዱ ራሱ ተናገረ፣ ሮይማታ። መቅረት ፈልጋለች።"

"ወንዝ ነው፣ አጎቴ። ወንዝ አይናገርም።"

"ታዲያ ወዴት?"

ያለው አንድ መንገድ ነው። ተራራውን መልሶ መሻገር፣ ሜዳውን ወደ ደቡብ መውረድ፣ በታችኛው የተራራ ማለፊያ ዞሮ ከወዲያ በኩል ወደ ባሕሩ መውጣት። ሁለት ቀን ሙሉ። በተራራው ሥር የሚሄደውን መንገድ ጎርፍ ዘግቶታል፣ የቀረው ዋናው ብቻ ነው። ዋናው ደግሞ በማን ደጅ ያልፋል? ማራዬ በምንለው ደጅ፣ የአጎቴና የአባባ ወገን ሬሳውን አስገብቶ በሚያለቅስበት ግቢ። ሬሳ በዘመድ ደጅ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ነውር ነው። ይገባል፣ ይለቀስለታል። ከገባች ደግሞ ሙግቱ እንደ አዲስ ይነሣል። አትወጣም። አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ፊቱን አየሁት... ደስ ብሎት ይሆን? ጠላሁት። እማዬ ትስማኝ፣ ጠላሁት።

ረቡዕ፣ ማርች 22

ስንነዳ ዋልን። ቃሌን ልበላ ነው፣ ቃሌን ልበላ ነው... ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ግቢው ከሩቅ ታየ። ወሬው ቀድሞናል። መንገድ ዳር ቆመዋል፣ ሴቶቹ የኀዘን ቅጠል ራሳቸው ላይ አስረው። ቴኦኔ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"ምን ላድርግ? አጎቴ፣ ምን ላድርግ?"

ሳጥኑን አቅፌ፣ "አጎቴ፣ በአባባ ይዤዎታለሁ" አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

መንገድ ዳር የቆሙትን አየ። ከዚያ "አቁም" አለ።

አለቀ አልኩ።

ዱላውን ይዞ ወረደ። በሩን ግን ዘጋው። በመስኮቱ ቴኦኔን አየው። "ስለሷ እኔ እገባለሁ። እኔ አለቅስላታለሁ። አንተ ንዳ።"

"ምን ይሉዎታል?"

"የፈለጉትን ይበሉኝ። ንዳ አልኩህ እኮ፣ ምን ያደናብርሃል።"

ነዳ። እኔ በኋላ መስኮት አየሁ። ሰዎቹ ወደ እኛ መሮጥ ሲጀምሩ አጎቴ መሃል መንገድ ላይ ዱላውን አግድም ይዞ ቆመ። አንዱ ጎረምሳ ገፋው። ሲወድቅ አየሁ። ከዚያ መታጠፊያው ጋረደን።

ሐሙስ፣ ማርች 23

ዝናቡ አባራ። በታችኛው ማለፊያ ተራሮቹ በረዷቸውን ገልጠው ቆመዋል፣ ፏፏቴዎቹም ቀጥነዋል። ቀና ብዬ ለማየት አቅም አጣሁ። አጎቴ ስልክ አያነሡም። ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ... አያነሡም።

ዓርብ፣ ማርች 24

ቀበርናት። አክስቴ ፓሬ ወንዙ ዳር ስትጣራ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ዛሬ በሹክሹክታ ነው የተቀበለቻት። የሚያስረክብ ሽማግሌ አልነበረንም። በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቀው ቴኦኔ ተነሣ። "አጎታችን ልከውናል" አለ። ከዚያ በላይ አልቻለም። ይበቃል አሉት።

እሑድ፣ ጁን 11

አሁን እሑድ እሑድ ለአጎቴ እደውላለሁ። ዛሬ አፋጥጬ ስጠይቃቸው አመኑ። ወገኖቻቸው በግቢው ስለ ወገን ከሚናገሩት ሽማግሌዎች ወንበር አንሥተዋቸዋል። ሬሳ በደጅ ያሳለፈ ሽማግሌ አይናገርልንም ብለው።

"ታዲያ ምን ይሠራሉ እዚያ?"

"ኩሽና ነኝ። ድንች እልጣለሁ።"

"በኔ ምክንያት ነው።"

"በደንብ ነው የምልጠው። ማንም አላማረረም።"

ማልቀሴን እንዳይሰሙ ስልኩን ከአፌ አራቅሁ። ሰምተዋል መሰለኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ስሚኝ። ከወንድሜ አጠገብ ያለውን ቦታ፣ የእናትሽን፣ እኔ እወስደዋለሁ ብያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል።"

"ኧረ ገና ነዎት።"

"ገና ነኝ። ብቻ የምሞተው ከተማ ሆስፒታል ከሆነ የምታመጪኝ አንቺ ነሽ። ቴኦኔ እንዳይነዳኝ።"

"እሺ አጎቴ።"

"ደጃችን ጋ ስትደርሺ ግን አቁሚ።"

አቆማለሁ አልኳቸው።