ስልኳን ለዘጋችው እናቴ

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ወንድሜ ሶክጁን ሳሉ ለቋታል፣ ምርመራዋም ሁለት ጊዜ ነፃ ብሎ ወጥቷል ብሎኛል። እውነት ከሆነ እሰየው፤ ለማጽናናት ያለው ከሆነ ግን አልለቀውም። ፖሙም አብቧል አሉ። ያን ሁሉ ዛፍ ብቻዬን አበባውን አሳሳለሁ ብለሽ ወገብሽን እንዳትጎጂ። እኛ ደህና ነን። ደህና ማለት እንኳ ያንሳል፤ ከደስታ ብዛት እየተጣደፍኩ ነውና ፊደሌ ቢወላገድ ታገሺኝ።

እማዬ፣ ልጄ ዳኦን ከሆስፒታል ወጣች! ነፃ ነች! ገና ከተወለደች ወር ያልሞላት ልጅ አገር ምድሩን ያንበረከከውን በሽታ ጥላው ወጣች! አሁን አጠገቤ ተኝታ በአንድ ዓይኗ እያየችኝ ነው፤ ሁለተኛውን መክፈት ለጊዜው አላሰኛትም።

ይህን በስልክ ላበስርሽ ስንቴ ደወልኩ፤ ዘግተሽዋል። ከሆስፒታል እንዳልጽፍልሽ ደግሞ ከዚያ ክፍል ወረቀት አይወጣም፤ ብዕሬን እንኳ እዚያው አስቀርተውብኛል። ስለዚህ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዛሬ እዘረግፈዋለሁ። ቁጭ በዪና አንብቢው።

እንግዳ ወደ አራሷ እንዳይገባ በር ላይ ስቀሉት ብለሽ በአውቶቡስ የላክሽልን የሩዝ ገለባ ገመድ ትዝ ይልሻል? ሴት ናት ብለሽ ከሰልና የጥድ ቅርንጫፍ ሻጥ ሻጥ ያደረግሽበት? ባለቤቴ በዘጠነኛ ፎቅ የብረት በር ላይ በፕላስተር ሲለጥፈው አንድ ጎረቤታችን ሱቅ ልትከፍቱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ቢሆንም ሰው ሁሉ አክብሮታል። ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ እንኳ ካርቶኑን አሳንሰሩ ጋ እያስቀመጠ ነበር የሚሮጠው። አራስ ያለችበት ቤት መሆኑን እናቱ ነግራው ይሆናል።

ከገመዱ ሥር ዝቅ ብላ ያለፈችው አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ወተቴ እምቢ ብሎ፣ ልጅቷ ጡቴን እየሳበች ስታለቅስ፣ እኔም አብሬያት ሳለቅስ በስልክ የሰማች አንዲት ሴት። ለአራስ ወተት ያመጣል የምትዪውን የሾርባ የባሕር ቅጠልና የበሬ ሥጋውን በጨርቅ ቋጥረሽ በሩ ላይ ስትቆሚ ዘልዬ ነበር የተጠመጠምኩብሽ። ኮሌታሽ ላይ ጨው ነበር፣ እማዬ። ከለቅሶ የተመለሰ ሰው ካልሆነ በቀር ክፉ እንዳይከተለው ኮሌታው ላይ ጨው የሚበተንበት ማን አለ? የወፍጮ ቤቷ እማማ ባንግ ማረፋቸውን ሶክጁን ነግሮኝ ነበር። በእጄ አራገፍኩልሽ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሽ። ድስቱን ስታማስይ ሁለቴ ጉሮሮሽን ጠረግሽ። እንፋሎቱ ነው አልሽ። እንፋሎቱ ነው አልኩ።

ትኩሳቷ የጀመረው አንቺ ወደ መንደር ከተመለስሽ በኋላ ነው። እሱን አላወራም፤ ነጭ ቱታ የለበሱት ሰዎች ደረጃውን ሲወጡ፣ ባለቤቴ ለብቻው በሌላ መኪና ሲወሰድ፣ እኔ ልጄን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አምቡላንስ ውስጥ ስገባ የተሰማኝን መጻፍ አልችልም። ሦስታችንም ይዞናል ተባለ። ከጤና ቢሮ ደውለው መጀመሪያ ያሳለው ማን ነው ብለው ሲጠይቁ ግን ባለቤቴ ከአፋቸው ነጥቆ እኔ ነኝ አላቸው። ያንቺንም ስም ሰጥተናል፤ መመርመርና መታከም ነበረብሽ። ስለ ሳል ግን ከቤታችን የወጣው ቃል ያ ብቻ ነው። በኋላ በስልክ፣ አንተ መቼ ሳልክ ብዬ ብጠይቀው፣ አማች እንደሆነ ለወቀሳ ነው የተፈጠረው፣ አንቺ ምን አገባሽ ብሎ ሳቀብኝ። አንቺ ደግሞ ያገባሽው ሰው ወሬ ያበዛል እያልሽ ታሚው ነበር።

ሆስፒታል እንደገባን ዶክተር ኖ መጥቶ ቫይረሱ ከእርስዎ ይልቅ እሷ ውስጥ በዝቷል አለኝ። ምን ትሰጧታላችሁ ስለው፣ ለዚህች የሚሆን መድኃኒት የለንም፣ እንጠብቃታለን፣ እርስዎ ግን ጡት ከሰጧት እሱ ይበልጣል አለ። ያ ነበር መድኃኒቷ። ጓንት አጥልቄ፣ ጭምብል አድርጌ፣ እንደ ብየዳ ሠራተኛ መነጽር ደፍቼ አጠባኋት። አንድ ቀን አፍንጫዋ ተደፍኖ መጥባት አቃታት፤ ያስመልሳት ጀመር። ያን ቀን ፈራሁ። ሞት ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስቦ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። ሲስተር ፕዮ አፍንጫዋን በጠብታ እያረጠበች፣ እኔ ደረቴ ላይ ቀና አድርጌ ይዣት፣ ሲነጋጋ ጡቱን አገኘችው። ስትውጥ ድምፁ ይሰማል፣ እማዬ፣ ጉርጭ ጉርጭ! ሲስተር ፕዮ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ መነጽሬ ውስጥ እንባዬን የምጠርግበት መንገድ የለም ብላ ተነጫነጨች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ ሳቅ ተለወጠ። ትኩሳቷ ወረደ፣ ክብደት ጨመረች፣ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት አፍንጫዋ ውስጥ ሲከቱት ዶክተር ኖን በእግሯ ደረቱን መታችው። ሲስተር ፕዮ ይቺ ልጅ እኛን ልታስታምም ነው እንዴ የመጣችው ትል ነበር። ውጤታችን ነፃ ብሎ ሲመጣ ጭምብሌን እንዳወልቅ ፈቀዱልኝ። ተዘጋጅቼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ እናትሽ ነኝ ብዬ ፊቴን ባሳያት ጮኸች! ለካስ ከዓይኔ በታች ሌላ ነገር መኖሩን ረስታዋለች። ሲስተር ፕዮ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ቶሎ አፍንጫሽን መልሺው እያለች በሳቅ ሞተች። አሁን ለምዳዋለች፤ እንዲያውም ትይዘዋለች።

አሁን ደስ ወደማይለው ልግባ። ሶክጁን ያልሽውን ሁሉ ነግሮኛል። ለቅሶ ቤት የረገጠ እግሬን ይዤ አራስ ቤት ገባሁ፣ ልጅቷን በመቶኛ ቀን ድግሷም አላያትም፣ ዓይኔ አያርፍባትም ብለሻል አሉ። ምግብም እንቢ ብለሻል። ጎረቤቶች በር ሲያንኳኩ የለችም ብለሽ ራስሽ ትመልሻለሽ አሉ፤ ይኼኛው እንኳ አስቆኛል።

እናደድብሻለሁ፣ እማዬ! እውነቴን ነው። ሒሳቡን እንዲህ ከያዝሽው ለምን ግማሹን ብቻ ትይዣለሽ? ዶክተር ኖ አንዲት እንክብል አልሰጣትም። ጡት ነው ያዳናት ብሎ በአፉ ነግሮኛል። ያ ወተት ከየት መጣ? በሐኪም ቤት ዱቄት አልመጣም፣ በማሸትም አልመጣም። አንቺ ያንን የባሕር ቅጠል ሾርባ ከሠራሽ በኋላ፣ አራት ሳህን በግድ ካጠጣሽኝ በኋላ፣ ጠዋት ቀሚሴን አርሶት ተነሣሁ። አንቺም አይተሽ አጨብጭበሻል። ዝቅ ብለሽ ባታልፊ ኖሮ ልጄ ያን ቀን የምትውጠው ምን ነበር? በይ መልሽልኝ። ይህን እያሰብኩ ነው ጓንቴን አጥልቄ ስሜን የረሳሁባቸውን ቀናት ያለፍኩት። ላንቺ ያለኝ ቂም የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ናፍቆት ግን አለኝ፣ በጣም።

እንግዲህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልኝ፣ የዘራሽው ይያዝልሽ። የልጅ ልጅሽን ድረሽ ለማየት ያብቃሽ።

መልስ እንዳትጽፊልኝ። ደብዳቤውን የጨረስኩት በሶክጁን መኪና ውስጥ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። በፖስታ አልመጣልሽም፤ በበሩ ሥር ያሾለክሁልሽ እኔ ነኝ። የለችም እንዳትዪኝ፣ ጫማሽን ደጁ ላይ አይቼዋለሁ። ዳኦን ነቅታለች፣ ርቧታል፣ ውጭው ደግሞ ይነፍሳል። ክፈቺልን።

ልጅሽ፣
ከደጅሽ