ሰባቱን ሰዎች አግዳሚ ላይ ስላስቀመጡልኝ

ለተከበሩ የወንጀል ምርመራ ክፍል ኃላፊ
አሰላ

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። የጭላሎ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በጤና እንዲሰነብቱ ምኞቴ ነው። እኔ ገበያው ዳር ልብስ የምሰፋው ፈይሩዛ ነኝ፤ ከዲሮ የሚባለው ባሌ በጠራራ ፀሐይ ሱቄ ደጃፍ ላይ በጩቤ የተወጋብኝ። ገዳዩ ፊቱን እንኳ ሳይሸፍን፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ አይቶኝ ነው የሄደው። ችግሩ፣ እኔ ከተፈጠርኩ ጀምሮ የሰው ፊት አልለይም፤ ዓይኔ ያየዋል፣ አእምሮዬ አይይዘውም። ጎረቤት ኮራችብን እንዳይል ላገኘሁት ሁሉ "አካም ጅርቱ" ብዬ ሰላምታ እየሰጠሁ፣ ሰውን በአካሄዱ እየለየሁ ኖሬአለሁ። ገዳዩም ሲሸሽ ቀኝ እግሩን እንደ ማጭድ ወደ ውጭ እያዞረ ነበር። ደብቄው የኖርኩትን ይህን ጉዴን ያኔ በግድያው ዕለት ቃሌን ስሰጥ ለእርስዎ ለብቻዎ ነግሬዎታለሁ። ስለዋሉልኝ ውለታም እነሆ ምስጋናዬ፦

፩ኛ. ሬሳውን እንድለይ በጠሩኝ ዕለት ጨርቁን ከፊቱ ገልጠው "እሱ ነው?" አሉኝ። የሞተ ሰው አይራመድም፤ ምን ልበል? እጁን አሳዩኝ አልኩ። አውራ ጣቱ ላይ የእኔ መቀስ የተወው ጠባሳ ነበረ፤ እሱ ነው። እርስዎም "አሥራ አራት ዓመት አብረሽው ኖረሽ?" ብለው ባልደረቦችዎን አሳቁ። ለቅሶዬ ሳቅ እንዳይጎድልበት ስላሰቡልኝ አላህ ይስጥልኝ።

፪ኛ. ተጠርጣሪውን ከስድስት ሰዎች ጋር ቀላቅለው ሲያሳዩኝ፣ እንዳይደክማቸው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው፣ እንዳይበርዳቸው እስከ አገጫቸው ጋቢ አለበሷቸው። "ፊታቸው ጎልቶ እንዲታይሽ ብዬ ነው" አሉኝ። ከሰባት ሰው ገላ መርጠው ያስቀሩልኝ ማንበብ የማልችለውን ብቻ ነው።

፫ኛ. ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብዬ፣ እባክዎ ያስነሷቸው፣ እስከ በሩ ደርሰው ይመለሱ ብዬ ለመንኩ። "እህቴ፣ ሙሽራ እየመረጥሽ አይደለም!" አሉኝ። አሥር እርምጃ ነበር የለመንኩት። መዝገቡ ላይ "ምስክሯ አይታ አላወቀችም" ብለው ጻፉ፤ ሰውየውም ከእስር ወጣ።

አሁን መንገድ ላይ ሰላም ስል ለማን እንደምል አላውቅም። ልጄ ኢስራ "እማ፣ ለምንድነው የሁሉንም ሰው እግር የምታዪው?" ትለኛለች። ጫማቸው አምሮኝ ነው እላታለሁ። ክቡርነትዎ ጊዜ ሲተርፍዎ መዝገቡን ከፍተው፣ ያቺን አሥር እርምጃ ቢያስፈቅዱልኝ ዕድሜ ልኬን አመሰግንዎታለሁ።

ለክብርዎ እጅ በመንሳት፣
አይታ ያላወቀችው ምስክርዎ
ፈይሩዛ ሁሴኖ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ አንድ ደንበኛ በየማለዳው ቀድሞኝ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሱሪ አሳጥሪልኝ ይለኛል። ልኩን በወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል እንጂ ለመለካት አይነሳም፤ ጀርባዬን ካላዞርኩም አይሄድም። ሰውን በአካሄዱ እንደምለይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱን ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛው እርስዎ ነዎት።