መኪና ስላልሆኑት ሁለት ፒክአፖች

ለተከበሩ የገቢ ዕቃዎች ፍተሻ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎ የሚመች፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ወንበርዎን ያነሳሁት ሶፋ ሠሪ ስለሆንኩ ነው። ጆሮዎን ለይቼ ማንሳቴ ግን ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ምክንያቱ ወደ ታች ሲያነቡ ይገለጽልዎታል።

ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፌም በፖስታ አሽገን የላክናቸው ሁሉ እርስዎ ጋ ሳይደርሱ ቀርተው ይሆናል ከሚል ቅን ግምት ነው። ደርሰውዎት ዝም አሉ ብሎ ማሰብ ነውር መስሎ ታየኝ።

ጉዳዩ የታናሽ እህቴ ነው። እህቴ በሠርግና በስብሰባ አዳራሽ ከሚጫወት ባንድ ጋር ኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወታለች። ክቡርነትዎ ጊታር ነክተው የማያውቁ ከሆነ ላስረዳ፤ ከክሮቹ ሥር የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ዕቃዎች ይገጠማሉ፣ ውስጣቸው ማግኔትና በማግኔቱ ላይ የተጠመጠመ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ክሩ ሲርገበገብ እነሱ ይቀበሉታል፣ የተቀበሉትን ወደ ድምፅ ማጉያው ይልካሉ። የጊታሩ ድምፅ መልካምም መጥፎም መሆኑ በአብዛኛው የእነሱ ሥራ ነው። ስማቸው ፒክአፕ ይባላል። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው የእርስዎን መሥሪያ ቤት ባለማወቁ ልንፈርድበት አይገባም።

እህቴ ጊታሩን የገዛችው መጫወት ካቆመ ሙዚቀኛ ነው። እንጨቱ ጥሩ ነው፣ ፒክአፖቹ ግን ድሮም የረባ ድምፅ አልነበራቸውም። ቀጭኖቹ ክሮች ላይ ይጮኻሉ፣ ወፍራሞቹ ላይ ይደበስሳሉ፣ መብራት አጠገብ ሲሆኑ ደግሞ እዝዝ ይላሉ። ችላው ስትጫወት ኖራ፣ በቅርቡ ድምፁ ደነዘዘብኝ ማለት ጀመረች፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍም በየልምምዱ እየጨመረች ሄደች። አንድ ቀን የባንዱ ድራመር ሱቄ መጥቶ፣ ያልተጨረሰ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሲያመነታ ቆይቶ ተናገረ። ዘፋኟ ከእህቴ ጎን መቆም ፈርታለች፤ ጊታሩ ጆሮ ይበሳል፤ እህቴ ግን አሁንም አነሰ ትላለች።

የደነዘዘው ጊታሩ አልነበረም። ሐኪሙ መርምሯት የመስማት ኃይሏ እየደከመ መሆኑን፣ መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች መሆናቸውን፣ የቀሩትም እንደሚከተሉ ነገራት። መቼ ብላ ጠየቀችው። ለመገመት አልደፈረም። ቤት ስንመለስ ጊታሩን ከሳጥኑ አወጣችው።

«ጆሮዬ መሄዱ ካልቀረ፣ መጨረሻ የሚሰማውን ድምፅ እኔ ልምረጥለት» አለች።

ፒክአፖቹን ለመቀየር የወሰነችው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ የሙዚቀኛ ጓደኞቿን ጊታር እየተዋሰች መሞከር ጀመረች፤ እኔም እሷ ያልሰማችውን እንድሰማላት አብሬ ዞርኩ። የሙዚቃ ዕቃ ሻጩ ኃይለኛ ማግኔት ያለውን መከራት፤ አዳራሽ ይሞላል አለ። እውነቱን ነው፣ ይሞላል፤ ግን ክሮቹ ሁሉ እኩል ስለሚጮኹ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ባለ ሁለት ጥቅል ሽቦውን ሞከረች፤ እዝዝታው ጠፋ፣ ከእሱ ጋር የክሩ ትንፋሽም አብሮ ጠፋ። ሦስተኛው ማግኔቱ ደከም ያለ፣ ሽቦው በልክ የተጠመጠመ ነበር። እሱን ስትሞክር አንዱን ክር መትታ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀች፣ ሌላውን መታች፣ እንደገና ጠበቀች። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ስትጫወት ለዘብ ይላል፣ ጠንከር ስትል ይቆጣል። የጊታሩ ባለቤት ጓደኛዋ ይህ ለትልቅ አዳራሽ ያንሳል ብሎ ሊያስጠነቅቃት ሞከረ። አዳራሹን ለሌሎች ትቼዋለሁ አለችው። ሁለት ፒክአፕ፣ አንዱ ለአንገቱ በኩል አንዱ ክሮቹ ከታች ለሚታሰሩበት ለድልድዩ በኩል፣ ከአንድ የውጭ አገር ሠሪ አዘዘች።

ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ውለታ ስለሆነ በቁጥር ከፋፍዬ ባመሰግን ይሻላል።

አንደኛ፤ ሠሪው ጥቅሉ ላይ «ሁለት ፒክአፕ» ብሎ ስለጻፈ ሠራተኞችዎ ጉዳዩን ለተሽከርካሪ ክፍል መምራታቸውን አደንቃለሁ። ጥቅሉ ከአንድ ጥንድ ካልሲ አለመብለጡ ከጽሑፉ እንዲያፈነግጡ አላደረጋቸውም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ የሻንሲ ቁጥር ጠየቀችን። እህቴ ይቅርታ ጠይቃ አስደገመቻት። እንደገናም አስደገመቻት። ሴትየዋ ትዕግሥቷ አልቆ ጮክ ብላ ስትደግመው ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ የእቃውን ምንነት ሳስረዳ እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ውጪ ስንወጣ፣ ጆሮዋ ድምፅ መተው ብቻ ሳይሆን ቃል መለወጥም የጀመረ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። በትክክል ሰምታ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ጤነኛ ጆሮን እንኳ የሚያጠራጥር ጥያቄ ለመጠየቅ ስላለው ችሎታ ምስጋናዬ ይድረስ።

ሁለተኛ፤ ተሽከርካሪዎቹ በግቢዎ ውስጥ ተፈልገው ባለመገኘታቸው ያደረባችሁን ሥጋት እረዳለሁ። መዝገብ ላይ ያለ መኪና ግቢ ውስጥ ከሌለ አንድ ሰው አውጥቶታል ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ባለቤቱ መሆን አለበት። እህቴ ሁለት ተሽከርካሪ ያለ ፈቃድ በማስወጣት ተጠርጥራ ቃሏን እንድትሰጥ ተጠራች። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣት። ሲጠይቃት ግን ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ስለነበር ከንፈሩን ማየት አልቻለችም። እየደጋገመች ይቅርታ አልሰማሁም ብትለው፣ ጥያቄዎችን ሆን ብላ እንዳልሰማች ትሆናለች ብሎ ጻፈ። የሐኪሟን ማስረጃ ባወጣላቸውም ከተሽከርካሪ ጋር ግንኙነት የለውም ተብሎ ተመለሰልኝ። በዚህ ላይ እንኳን የምከራከረው የለኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጊዜው። ፋይሉ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር እርስዎ ጋ ምንም አልጎደለም። እኛ ቤት ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጎድል ነበር። መጀመሪያ የበሩ ደወል ነው። ቀጥሎ የሚፈላው ውሃ። ቀጥሎ ልጄ ከእህቴ ኋላ ሆና ስትጠራት ዝም ስትላት፣ ተቆጥታብኛለች ብላ ልጅቷ አለቀሰች። ባንዱም ሌላ ጊታሪስት ያዘ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ መጥተው ነግረዋት፣ ተቃቅፈው ተለያይተዋል። እሷም ሲሄዱ በር ድረስ ሸኝታቸው ተመልሳ ጊታሩን ወለወለችው። በእነዚያ ቀናት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱ ተደውሎ እንደሆነ። ስልኩን እንድጠብቅላት ለእኔ ሰጥታኝ ነበር።

አራተኛ፤ በመጨረሻ ፒክአፖቹ መኪና አለመሆናቸው በመታመኑ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን መኪና ካልሆኑ ምንድን ናቸው የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሚያሻው ወደ ቴክኒክ ምርመራ ተላኩ። ባለሙያው ከሁለቱ የአንዱን መሸፈኛ ልጦ፣ የሽቦውን ጫፍ ፈልጎ፣ መጨረሻው እስኪገኝ ድረስ ተረተረው። ውስጡ ማግኔት አገኘ። ማግኔት መሆኑን እኛም በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው መስኮት ነግረናችሁ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የተናገረውን ከማመን ይልቅ መተርተር የበለጠ አስተማማኝ መሆኑ ግልጽ ነው። ሽቦው በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ፣ ከማበጠሪያ ላይ እንደተለቀመ ጸጉር ተድቦልቡሎ፣ በክብር ተመለሰልን። የሰፈራችን የሞተር ሽቦ ጠምጣሚ መብራት ሥር ይዞት ብዙ አየው። ብዙ ቦታ ተበጥሷል፤ እንዲህ የቀጠነ ሽቦም የለኝም አለ። ሻይ አፍልቶልን ሸኘን።

አምስተኛ ነበረኝ፣ ተውኩት።

የተረፈው አንዱ ፒክአፕ በጊታሩ አንገት በኩል ተገጠመ። የገጠመላት ሰው ብየዳውን እንደጨረሰ እህቴ ጊታሩን ይዛ ሱቄ መጣች። ቤት ውስጥ መሞከር ያልፈለገችው ልጆቹ ፊቷን እንዳያዩባት ይመስለኛል። ከስፖንጁና ከጨርቁ መሐል ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ከማጉያው ሳጥን ጋር አስጠጋች፣ ከወፍራሙ ክር ጀመረች። እሱ ተሰማት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ወደ ቀጭኖቹ ስትወርድ ጣቶቿ አልተሳሳቱም፣ ፊቷ ግን ባለበት ቆመ። የመጨረሻውን ክር መትታ እኔን አየችኝ።

«ንገረኝ» አለች።

እኔ ጨርቅና እንጨት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ለድምፅ የሚሆን ቃል የለኝም። የምችለውን ያህል ከንፈሬን እያሳየሁ ነገርኳት። ቀጭኖቹ አይጮኹም አልኳት። አንዱ ክር ሌላውን አይጋፋም፣ እዝዝታው አለ ግን ከሩቅ ነው፣ መጨረሻ የመታሽው ክር አሁን ድረስ አላለቀም አልኳት። እየዋሸኋት እንደሆነ ለማወቅ አተኩራ አየችኝ። አልዋሸሁም። ክቡር ሆይ፤ ያን ያህል ያማረ ድምፅ ከዚያ ጊታር ወጥቶ አያውቅም። ምርጫዋ ትክክል ነበር። ስትመርጠው ሰምታዋለች፤ የራሷ ጊታር ላይ ሲገባ ግን ግማሹ አልደረሳትም። በዚያ ግማሽ ምክንያት ነው ይህን የምጽፍልዎ።

ካሳ አልጠይቅም፤ እንዲህ ላለው ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠየቅም አላውቅም። ሠራተኞችዎ እንዲቀጡም አልፈልግም፤ እያንዳንዳቸው የታዘዙትን ብቻ እንደሠሩ ከየክፍሉ የመጡት ደብዳቤዎች በሙሉ አረጋግጠውልኛል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው መስኮትዎ ፊት ቆሞ ይህ ነገር እንዲህ ነው ሲል፣ ከሚቸኩልበት ምክንያት ጋር አንድ ጊዜ ይሰማ።

የተጣለብዎ ኃላፊነት እንዳይከብድዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጥረው፣ ፋይሎችዎም እንደዛሬው በሰላም ከመደርደሪያ መደርደሪያ እንዲዘዋወሩ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡልኝ በምስጋና፣ ካላነበቡም በተለመደው ትዕግሥት እሰናበትዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ታማኝ ተገልጋይ፣
የሁለት ተሽከርካሪዎች ተጠርጣሪ ታላቅ ወንድም፣
ሶፋ ሠሪው

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እህቴ ላቀረበችው ቅሬታ ከቢሮዎ መልስ ደረሳት፤ ከልብ እናመሰግናለን። መልሱ በመጪው ሰኞ ራሷ በአካል እንድትቀርብ፣ ተወካይ መላክ እንደማይፈቀድ፣ ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ አቤት ካላለች ቅሬታዋን በፈቃዷ እንደተወች እንደሚቆጠር ይገልጻል። ጧት በሩ ሲከፈት ገብታ ትቀመጣለች፤ ሰማያዊ ሹራብ ትለብሳለች። እባክዎ ትከሻዋን ነካ የሚያደርግ አንድ ሰው ይመድቡ።