ቤቴን ከአገር ውጭ ላደረገው የድንበር ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የድንበር ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከእርስዎ ተለይቶ ለማያውቀው ወንበርዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ፣ ጉልበቴን ካልቆጠርነው፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላጡ ነው። መልስስ አንድ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ እሱን ወደ ታች ስደርስ እነግርዎታለሁ።

ከኬላው አጠገብ ያለችው፣ አጥሯ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ቤት ባለቤት ነኝ። እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አግብቼ፣ ባሌንም ያስቀበርኩት ከዚያው አስነሥቼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ፣ በጽሑፌ ውስጥ ግድፈት ቢያገኙ በትልቅነትዎ ይለፉልኝ። መሥሪያ ቤትዎ ግድፈት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ግን እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ኬላው ስለ ተዛወረበት ሁኔታ። ባለፈው በጋ ጠባቂዎችዎ ፀሐይ አናታችንን በላችው ብለው ባመለከቱ ጊዜ፣ ኬላው አርባ ርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ከትልቁ ዛፍ ሥር እንዲተከል መፍቀድዎን ስሰማ፣ ለሠራተኛው የሚያዝን አለቃ አለን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ርምጃውን የለካሁት ራሴ ነኝ። ችግሩ ቤቴ ከአርባዎቹ በሃያ ሦስተኛው ርምጃ ላይ መገኘቷ ነው። አገሬ ጥላ ፍለጋ ስትሄድ እኔን ፀሐይ ላይ ጥላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እህል ላስፈጭ ስወጣ አገር እገባለሁ፣ አስፈጭቼ ቤቴ ስገባ ከአገር እወጣለሁ። ፍንጭቱ ጠባቂዎ በየቀኑ «እማማ፣ ከየት ነው የሚመጡት?» ይለኛል። «ከቤቴ» ስለው «ቤትዎ የት ነው?» ብሎ ይቀጥላል። በአገጬ ሳሳየው ዞር ብሎ አይቶት «እሺ፣ የመጡበት ምክንያትስ?» ይላል። ይህ ሰው ሲወለድ እናቱን ያዋለድኳት እኔ መሆኔን አሳምሮ ያውቃል፤ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ያን ዕለት የመጣበትን ምክንያት ሳልጠይቅ ማስገባቴ የእኔ ጥፋት ነው።

፪ኛ/ በሕገ ወጥ መንገድ ስለሚገቡ ሰዎች። እርስዎ ጠባቂ ያቆሙት መንገዱ ላይ ነው። በመንገዱ የሚያልፈው ወረቀት ያለው ሰው ሲሆን፣ ወረቀት የሌለው የሚያልፈው በሽንኩርት መደቤ ላይ ነው። አሻጋሪው ደላላ ከምሳ በኋላ፣ ጠባቂዎችዎ ከዛፉ ሥር ጋደም በሚሉበት ሰዓት፣ ሰባት ስምንት ሰው አስከትሎ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ጨዋ ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ «እማዬ፣ ሽንኩርቱን ረገጥንብዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ሳይል አልፎ አያውቅም። ከመንግሥት ወገን እንዲህ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

በሚያልፉት ላይ ቂም የለኝም። ባለፈው አንዲት እግሯ ያበጠ ሴት ደላላው ደረጃዬ ላይ ትቷት፣ «ትንሽ ትረፍና ትደርስብናለች» ብሎኝ ሄደ። እሷም «እናቴ፣ ደረስን ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አገሩ የት ላይ እንደሚጀምር ኃላፊው ገና እያጠኑት ነው ልበላት? ጫማዋ እግሯ ላይ እስኪገባላት ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ቆየች። ደላላው ተመልሶ አልጠየቃትም፤ እርስዎም አልጠየቋትም፤ እንደ ገባች አያውቁማ። ማን እንደ ገባ የማያውቅ መሥሪያ ቤት ማን መንገድ ላይ እንደ ቀረም አያውቅም። ድንበሩ ይጠበቅ ብዬ የምጮኸው ስለዚህ ነው እንጂ ለሽንኩርቴ ብዬ ብቻ አይደለም። ለሽንኩርቴም ነው።

፫ኛ/ ስለ አንዲት ቃል። ደላላው የሚውልበትን ሻይ ቤት፣ የሚቀመጥበትን ጥግ ሳይቀር ጠቅሼ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ከሦስተኛው በኋላ በእግሬ ሄጄ ስጠይቅ «ጥቆማ የሚቀርበው በቅጽ ነው» ተባልኩና ቅጹን ሞላሁ። «የአመልካች ሁኔታ» በሚለው ሣጥን ውስጥ እውነተኛውን ነገር፣ ድንበርተኛ መሆኔን ጻፍኩ። መሬቱ ከመሬትህ የሚዋሰን ጎረቤት ድንበርተኛ እንደሚባል እርስዎም ያውቁታል። ሣጥኑ ግን «ድንበር» ላይ ሲደርስ አለቀ። መምህሬ፣ ቃል ከመስመር ሲተርፍ የቀረውን ወደ ታች አውርዱት ብላ ስላስተማረችን፣ «ተኛ» የሚለውን ከሥር አወረድኩት።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አስጠርቶኝ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና «እናቴ፣ ድንበር ተኛ ብለው ጽፈዋል። ማንን ነው ተኛ የሚሉት?» አለኝ። ማንንም አላልኩም፣ ቃሉን ለሁለት የሰነጠቀው ሣጥናችሁ ነው ብዬ አስረዳሁት። «ታዲያ የጥበቃ አባሎቻችን ተኝተዋል ማለትዎ አይደለም?» ሲለኝ፣ ውሸት ስለማልወድ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

ሹሙ ጠባቂዎቹን ከስድብ ለማዳን «ተኛ» የሚለውን ሰርዞ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «ተሻጋሪ» ብሎ አረመው። ድንበር ተሻጋሪ። በአንድ ስርዝ ጠባቂዎችዎን ቀሰቀሰልዎት፣ እኔን ሕገ ወጥ አደረገልዎት። በሁለተኛው ቀን፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤቱን ለቅቄ «ወደ መጣሁበት» እንድመለስ የሚያዝ፣ ማኅተሙ ያልደረቀ ወረቀት ደረሰኝ። ያልኩዎት መልስ ይህ ነው።

፬ኛ/ ወደ መጣሁበት ስለ መመለስ። የመጣሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ካረፈች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፤ መቃብሯም ከኬላው ወዲያ፣ በእርስዎ በኩል ነው። ስለዚህ ትእዛዝዎን ለመፈጸም እንኳ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገኛል።

ክቡር ሆይ፣ ከአሥራ አምስቱ ቀን ዘጠኙ አልፏል። የምለምነው ጥቂት ነገር ነው፦ ያቺ ቃል ከመዝገቡ ትፋቅልኝ፤ ኬላው አርባ ርምጃውን ይመለስ፤ ፀሐዩ የሚከብድ ከሆነም ዳስ ይጣልለት። ከምሳ በኋላ ደግሞ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ዓይኑ የተገለጠ ሰው ሽንኩርቴ ዘንድ ይቁምልኝ። በቀሩት ስድስት ቀኖች ይህ ካልሆነ፣ የተወለድኩበትን ቤት ቁልፍ ለማን እንደማስረክብ ይጻፉልኝ፤ ደላላው ስለ ቤቱ ደጋግሞ ጠይቆኛል።

ሳላመሰግንዎ አላልፍም። ስለ ደላላው የጻፍኩት ስምንት ወር ሲተኛ፣ የእኔ ጉዳይ በሁለት ቀን ማለቁ መሥሪያ ቤትዎ ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አስተምሮኛል። ያገኛችሁት ብቸኛ ሕገ ወጥ ሰው፣ በእግሯ መጥታ ቅጽ የሞላች ባልቴት በመሆኗም እንኳን ደስ ያላችሁ።

ክብርዎን የማላጓድል፣
ሲፈቀድልኝ የምገባ፣ ሲመሽብኝ የምወጣ፣
ከኬላዎ በአሥራ ሰባት ርምጃ ባዕድ የሆንኩ ጎረቤትዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትእዛዝዎን ይዤ ማዶ ላለው ለጎረቤት አገር ኬላ አሳይቼ ነበር። ሹማቸው ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ «እናቴ፣ እኛም ዘንድ አልተመዘገቡም» አለኝ። ቤቴ ከሁለቱም አገር ካልሆነች ያለ ጠባቂ መተው ነውር ስለሆነ፣ ከትናንት ጀምሮ ደጄ ላይ ገመድ ወጥሬያለሁ። የጥበቃ አባሎችዎ የሚጠጡትን ውሃ የሚቀዱት ከግቢዬ ጉድጓድ እንደሆነ ሳይነገርዎ አይቀርም። ዛሬ ጠዋት አንዱ ጀሪካኑን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ስለሆነ ነገ እንዲመለስ ተነግሮታል።