ሐውሽ ያልሽው ሃውስ ሆነ

ይድረስ ጅዳ ላለሽው ለምናፍቅሽ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አሮጊቷ አሠሪሽስ አሁንም ተቀምጠሽ ካየችሽ ሻይ አምጪ ትልሻለች? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናታችን ጉልበቷን ይዟት ነበር፣ አሁን ቀለል ብሏታል።

ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ኢሞ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማንም። ቢከፈትም ይህን በስልክ የምነግርሽ አይደለም። ጎረቤታችን ራህመት ሰሞኑን ወደዚያ ስለምትሄድ በእጇ ልኬልሻለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ ስለ ቤትሽ ነው። ባልሽ ምን እንዳለሽ ራሱ ነግሮናል። በግርግሩ ምክንያት ሥራው ቆሟል፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አያልፍም፣ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላንም ሊያፈርሰው ይችላል፣ ስለዚህ ኮንትራትሽን አድሺ ብሎሻል። ማስተር ፕላኑ ቀረ ከተባለ እኮ ከርሟል። አገር ሁሉ ሰምቷል፤ ወሬው ለባልሽ ለሸምሰዲን ብቻ ነው ያልደረሰው። ሰው ልጁን በቀበረበት ነገር እሱ ሰበብ ሠራበት። እኛንም ሲያልቅ ታዩታላችሁ፣ ምስማር ይወጋችኋል እያለ ከበር ሲመልሰን ነው የከረመው።

የላክሽውን ንድፍ እስካሁን አልረሳሁትም። አሮጊቷ ከአባቷ የወረሰችውን ቤት ለቡራዩ እንዲስማማ አድርገሽ ነበር የሳልሽው። ከውጭ ግንብ ብቻ የሚታይ፣ በሩ ሲከፈት መንገደኛ ውስጡን እንዳያይ መግቢያው የሚታጠፍ፣ ክፍሎቹ ሁሉ መሃል ላይ ሰማይ ወደሚታይበት፣ ዐረቦቹ ሐውሽ ወደሚሉት ክፍት ግቢ የሚከፈቱ። እዚያ ዝናብ ስለሌለ፣ አንቺ የክረምቱን ውሃ ወደ ጉድጓድ የሚያወርድ አሸንዳ ጨመርሽበት። ከክፍል ክፍል ያለው ግድግዳ ድንጋይ ሆኖ የበር ቦታው በብሎኬት ብቻ ይደፈን አልሽ፤ ዛሬ የእናታችን የሆነው ክፍል ነገ ልጅ ሲያገባ ተከፍቶ ለሙሽሮቹ እንዲሰፋ። ገና ሳትወልጂ ለምራትሽ ክፍል ታሰናጂያለሽ ብዬ የቀለድኩብሽን ታስታውሻለሽ።

ባለፈው ማክሰኞ እናታችንን ከሐኪም ቤት ይዣት ስመለስ መንገዱ ላይ ጎማ እየነደደ ደረስን። ታክሲው ከታ የሚባለው ሰፈር ላይ አውርዶን ዞረ። ተኩስ ይሰማል፣ እናታችን መሮጥ አትችልም። ከዚያው ታክሲ ያንቺን ቤት የገነባው ግንበኛ ኦቦ ሞቱማ ወርዶ ነበር። አዮ፣ እናቴ፣ የልጅዎ ቤት ቅርብ ነው፣ በውስጥ ለውስጥ እንሂድ ብሎ እጇን ያዛት።

ነገሩን የሰማነው እየሄድን ነው። ቤቱ ካለቀ ሰነባብቷል አለን። ሲሠራ መሃሉ ለምን ክፍት ይተዋል ብሎ ቢጠይቅ፣ ባልሽ ንድፉን አየት አድርጎ፣ ሚስቴ ሃውስ ለማለት ፈልጋ ፊደል ተሳስታ ነው፣ ዐረብ ቤት ተቀምጣ እንግሊዝኛው ጠፍቶባታል፣ ቤት ሥራበት አለው። ሰውየውም ባለቤቱ ነው ያዘዘኝ ብሎ ሠራ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የዱባይ መጋረጃ እየሸጠ ደንበኛውን ሁሉ ሐቢቢ የሚለው፣ ጅዳ ኖሬ ዐረብኛ ከዐረብ በላይ እችላለሁ የሚለው ሰውዬ ሐውሽ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሲፈልግ ያውቃል፣ ሳይፈልግ አያውቅም።

በሩን ብዙ ደበደብን። ከፍቶ ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ። አማቱ በተኩስ መሃል ቆማ፣ እሱ መጅሊሱ፣ የእንግዳ ክፍሉ፣ አልተጠረገም ይላል። እናታችን ገፋ አድርጋው ገባች። እህቴ፣ ሰማይ ይታይበት ባልሽው ቦታ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተገትሯል። አሸንዳሽ የሚያፈስበት አጥቶ ግድግዳው ካሁኑ ሻግቷል። አየር የለ፣ ብርሃን የለ፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራሉ። እውቀቱን ንቄ ነበር፣ ዓይኑን ሳይ ደግሞ ሰውነቱን ናቅሁት።

ከዚያ ቤት አንዲት ልጅ ውሃ ይዛ ወጣች። መልከ መልካም ናት፣ አልዋሽሽም። ሸምሰዲን ተከራይ ናት አለን። ሰበታ የምትሠራበት ፋብሪካ ተቃጥሎባት፣ እሱ አዛኙ አስጠግቷት። እሷም እንደኛው ሙስሊም ናት። ፀጉሯን ለቅቃ፣ ያለ ምንም ሻሽ አጠገቡ ቆማ ውሃውን ስታቀብለን፣ ኦቦ ሞቱማ ከኋላችን ብቅ ሲል ብርጭቆውን አስቀምጣ ሻሿን ፍለጋ ሮጠች። ከባዕድ ወንድ የምትሸፍነውን ፀጉር ከሱ አትሸፍንም፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩልሽ።

እሱ ላብ በላብ ሆኖ ስለ ማስተር ፕላኑ ያወራልን ጀመር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የኛው ግን ጅቡም ራሱ ነው። እናታችን ውሃውን አልጠጣችም። ተኩሱ በረድ ሲል ተነሽ እንሂድ አለችኝ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ኮንትራቱን አትፈርሚ። ቆንስላ ሂጂና የሰጠሽውን ውክልና ሻሪ፤ ካርታው በስምሽ ነው፣ ውክልናው በእጁ እያለ ግን ምን እንደሚያደርግ አላምነውም። የምትመጪበትን ቀን ለኛ እንጂ ለሱ እንዳትነግሪው። ያ ሃውስ የሚሉት ደግሞ መሠረት እንኳ በወጉ አልተቆፈረለትም፣ ለማፍረስ አያስቸግርም ብሎኛል ኦቦ ሞቱማ።

እናታችን ይህን እንደምጽፍልሽ አታውቅም። ትናንት ግን ፍራሽ ወደ ፀሐይ አውጥታ ጥጡን ስታፍታታ አገኘኋት። ለማን ነው ብላት፣ ልጄ ስትመጣ እኔ ዘንድ ነው የምትተኛው አለችኝ።

አላህ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ የአሠሪሽን ልብ ያራራልሽ፣ የላብሽንም ፍሬ ለሌላ አያድርግብሽ። አሚን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ቡራዩ፣ ጥቅምት 2009