የሲሪንቃዋ ሙሽራ ቀሚስ

ይድረስ ለምወድዎት እናቴ ለወይዘሮ ደብሪቱ በላይ፣
ናዝሬት

እማዬ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎት ጀመር? አምና ጦርነቱ ሳይደርስብን እህቴ ገነት መጥታ ከወሰደችዎት ወዲህ ሳላስብዎት የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መርሳም ደህና ናት፤ ገበያው ይውላል፣ መኪናው ይመላለሳል፣ የሰዉም ጸጉር እያደገልኝ እያስተካከልኩ ነው።

በስልክ ስንገናኝ ሁልጊዜ «የሲሪንቃዋ ልጅ እንዴት ናት?» ይሉኛል። እኔም «ደህና ናት» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ እሸሻለሁ። ገነት የስልኩን ድምፅ ከፍ ስለምታደርገው ቤቱ ሁሉ ይሰማል ብዬ ዝም አልኩ። ይህንንም የምታነብልዎት እሷ ናት፤ ግን በወረቀት ሲሆን ቢያንስ ፊታችሁን አላየውም።

እማዬ፣ የሲሪንቃዋ ልጅ የለችም። ኖራም አታውቅም። አምና በፋሲካ «ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው፤ ካንተ የልጅ ልጅ ሳልስም ልሙት ወይ?» እያሉ ሲያስጨንቁኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን «ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች» አልኩዎት። ለሁለት ሳምንት እፎይ ልበል ብዬ ነበር። አንቱ ግን ደስታውን አልቻሉትም፤ በማግስቱ ቀሚስ ገዙላት፣ ለሽንኩርት ነጋዴዋ ለሮማንም አበሰሩ።

በዚያ ሰሞን የዕቁባችን ዕጣ ለሮማን ወጣ፤ ሠላሳ ሺህ ብር። ተነስታ በሰው ሁሉ ፊት ስለ እኔ «ወንዳወቅ ሠርግ አለበት፣ እሱ ይብላ፣ እኔ ኋላ እደርሳለሁ» አለች። የዕቁቡ ዳኛ ሼህ አብዱልሐሊም መረቁኝ። ያኔ ሠርግ የለብኝም ማለት ነበረብኝ። ብሩን ተቀበልኩ። ለአንቱ ብሩን ለሠርጉ አስቀምጫለሁ አልኩ እንጂ፣ ወልድያ ሄጄ የጸጉር ቤት ወንበር፣ መስታወትና ጄኔሬተር ነው የገዛሁበት።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ መጣ። ብር የነበረው በመኪና ወጣ። ሮማን ባሏ የሞተባት ሴት፣ ለሹፌር የምትሰጠው ስላልነበራት ትንሿን ልጇን አዝላ፣ ትልቁን አስከትላ፣ ሦስት ቀን በእግሯ ሄደች። ይህን የሰማሁት ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ነው። የኔም መስታወት ተሰብሮ፣ ወንበሩና ጄኔሬተሩ ተወስደው ጠበቁኝ። እማዬ፣ ለወንበሩ አላዘንኩም። በዚያ ብር ከነልጆቿ በመኪና ትወጣ ነበር፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሼህ አብዱልሐሊም የተረፍነውን ሰብስበው የበላ ላልበላ ይክፈል ብለው ወሰኑ። የኔ ቀሪ አሥራ አምስት ሺህ፣ በየሳምንቱ አምስት መቶ፣ ለሮማን ሆነ። ሰው ሁሉ «አንተ ምን አለብህ፣ አንድ ራስህን!» ይለኛል። አንድ ራስ መሆን እኮ ርካሽ አይደለም። የእርዳታው ስንዴ የሚሰጠው በሰው ቁጥር ነው፤ ኪራይ ግን ብቻህን ነህ ተብሎ አይቀነስም። መምህሩን ሄኖክን አስገብቼ ኪራዩን ተካፈልን። ቢራ ትቻለሁ። ሰውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ነው የማስተካክለው። መጀመሪያ የሮማን አምስት መቶ የብር ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የተረፈው ነው የኔ ሆድ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሥራ አቀዘቀዘና ሁለት ሳምንት ሳልከፍል ቀረሁ። ስሸሽ ከጸጉር ማሽኔ ጋር ጠቅልዬ ያወጣሁትን ያንን ቀሚስ፣ በዕዳዬ ፋንታ ትውሰደው ብዬ ለሮማን ወሰድኩላት። የሙሽራይቱ አይደለም ወይ አለችኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ከግራና መስኖ የመጣላትን ሽንኩርት እየለየች፣ «ቀሚሱ የእናትህ ነው። የኔን በብር ጨርስ። ስትጨርስ ለሳቸውም እውነቱን ጻፍላቸው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ ብሩን ስትቀበለኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐምሌን ቅዳሜም እሁድም ሠርቼ የጎደለውን አካካስኩ። ባለፈው እሁድ የመጨረሻዋን አምስት መቶ ሰጠኋት። ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና «ጻፍክ?» ብቻ አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ይቅር ይበሉኝ እማዬ። ከተቆጡም ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ለወንበር መግዣ ብለው ግን ብር እንዳይልኩ፤ ራሴ እደርስበታለሁ። ቀሚሱን ከዚህ ወረቀት ጋር በሹፌሩ በአማኑኤል እጅ ልኬዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ አንቱ ይልበሱት። የእውነቷ ስትመጣ ከዕቁቡ ሰው በፊት ለአንቱ እነግርዎታለሁ።

ለገነት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንብባ ስትጨርስ እንዳትስቅብኝ። ለባለቤቷ ለሀይሉ፣ እናቴን በክብር ስላኖረልኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የልጃቸውን የትንሳኤን ጉንጮች ሳሙልኝ። ትናንት ይህን ወረቀት ለሮማን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «እኔም ሰላም ብያቸዋለሁ፤ ጨምርበት» አለችኝ።

ልጅዎ ወንዳወቅ
መርሳ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2014 ዓ.ም.